ተጠግኖ ያልዳነ ዋጋ፦ ከግጭት በኋላ ስለሚጎድለው የተሽከርካሪ ዋጋና ስለ ካሣው



ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደውን መንገድ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ወረታን አልፎ የፎገራን ሜዳ ያቋርጣል፤ ርብን ተሻግሮ ጣራ ገዳም ከሚገኝበት ከአዲስ ዘመን አካባቢ ይደርሳል። በሩዝ አጨዳ ወራት በዚህ መንገድ የሄደ ሰው ሦስት ነገሮችን በአንድነት ያያል፦ ከብት፣ ባጃጅና ከልክ በላይ የተጫነ አይሱዙ። አጎቴ ጣራ ገዳምን ተሳልመው ሲመለሱ፣ ርብ ድልድይ ከመድረሳቸው በፊት ከብቶች መንገዱን እስኪያቋርጡ መኪናቸውን አቁመው ነበር። ሩዝ የጫነ መኪና ከኋላ መጥቶ ገጫቸው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። የትራፊክ ፖሊስ የሠራው ፕላን ጥፋቱ ከኋላ የመጣው አሽከርካሪ መሆኑን አሳየ። የጥገናው 140,000 ብርም በገጪው ወገን ተከፈለ። ሁሉም ሰው ጉዳዩ አለቀ አለ፤ እኔም፣ ሕግ የማስተምር ሰው፣ አለቀ አልሁ።

አላለቀም ነበር። አጎቴ ጡረተኛ ናቸው። ያቺ ቪትዝ ከመኪናነቷ ይልቅ የቁጠባ ደብተራቸው ነበረች። በኋላ ልጃቸውን ለማሳከም ሊሸጧት ሲያወጧት የመጀመሪያው ገዢ ገና ሞተሩን ሳያስነሣ የኋላውን በር በጣቱ መገጣጠሚያ ቆረቆረና፣ «ጋሼ፣ ይህች ተሠርታለች፤ ስቱኮ አላት» አላቸው። እርሳቸውም ሐሰት መናገር ስለማይሆንላቸው አዎን አሉ። ግጭቱ ባይደርስባት ኖሮ 1,450,000 ብር ታወጣ ነበር ሲሉ ደላሎቹ የተስማሙባት መኪና፣ ሦስት ገዢዎች ተፈራርቀው ከ1,250,000 እስከ 1,300,000 ብር ብቻ ሰጡባት። መኪናዋ እንደ ቀድሞው ትሄዳለች፤ ባትላሜራውም ሥራውን አሳምሮ ሠርቷል። ታዲያ በመካከል የጠፋው ገንዘብ የማን ዕዳ ነው? የዛሬው ንግግሬ በዚህ ጥያቄ ላይ ያተኩራል።

በመጀመሪያ የጎደለውን ነገር እንለየው። ጥገናው ጎዶሎ ከሆነ፣ በሩ የማይዘጋ፣ ጎማው ወደ ጎን የሚበላ ከሆነ፣ ጉዳዩ ያልተሟላ ጥገና ነው፤ መልሱም ሌላ ጥገና ነው። በአገልግሎት ብዛት የሚመጣው እርጅናም ከዚህ የተለየ ነው፤ እርሱን ባለቤቱ በተገለገለበት መጠን የበላው ነው። እኔ የምናገረው ጥገናው እንከን የለሽ ሆኖ ሳለ ገበያው ስለሚቀንሰው ዋጋ ነው። ገዢው የሚከፍለው ለሚያየው ብቻ አይደለም፤ ለማያየው ነገር ያለውን እምነትም ይገዛል። ሻንሲው ተነክቶ ይሆን? ቀለሙ ከሁለት ክረምት በኋላ ይላጥ ይሆን? ይህ ጥርጣሬ ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን የጥርጣሬው ፈጣሪ ሳይሆን መንገድ ላይ ቆሞ የነበረው ሰው ነው። በእኛ ገበያ «ኦሪጅናል ቀለም» የሚለው ቃል በማስታወቂያ ሁሉ የሚገባው ያለ ምክንያት አይደለም።

ወደ ሕጉ እንግባ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2028 በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሁሉ ይካስ ይላል። በቁጥር 2081 ደግሞ የተሽከርካሪ ባለቤት፣ መኪናውን የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ፣ ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ለዛሬው ጥያቄ ቁልፉ ግን ቁጥር 2091 ነው፤ ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ይላል። ልብ በሉ፤ ሕጉ «ከጥገናው ወጪ ጋር እኩል» አላለም። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያደጉበት የሕግ ባህልም ተጎጂው ጉዳቱ ባይደርስ ኖሮ ይሆን ወደ ነበረበት ሁኔታ ይመለስ የሚል ነው። ጥገና ወደዚያ የሚያደርስ አንድ መንገድ ነው፤ መንገዱ ካላደረሰ ቀሪው በገንዘብ ይሟላል።

በዚህ ላይ የሚነሡ መቃወሚያዎች አሉ። እጅግ አሳሳቹ፣ እኔንም ለጥቂት ጊዜ ዝም ያሰኘኝ፣ የጭነት መኪናው ባለቤት ወኪል ያቀረበው ነው፦ «መኪናዋን በ2010 ዓ.ም. በ460,000 ብር ገዝተዋል፤ ዛሬ 1,250,000 ብር ተሰጥቶባታል፤ አተረፉ እንጂ ምን ጎደለባቸው?»

ይህ አነጋገር በሌሎች አገሮች ፍርድ ቤቶች ብዙ አይሰማም፤ በዚያ መኪና ከመደብር በወጣ ማግሥት ዋጋው መውረድ ይጀምራልና። የእኛ ገበያ ግን የራሱ ታሪክ አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በዕድሜ የገፉ ያገለገሉ መኪኖችን ወደ አገር ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የብር የመግዛት አቅም ይበልጥ ወረደ። ስለዚህ አሮጌ መኪና በብር ሲቆጠር እያደር ዋጋው ይጨምራል። ጭማሪው ግን የገጪው ስጦታ አይደለም። መኪናዋ ባትገጭም ይመጣ ነበር፤ እንዲያውም በሙሉ ይመጣ ነበር።

ስለዚህ መለኪያው የተገዛችበት ዋጋና የዛሬዋ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ሊሆን አይችልም። ሁለት መኪኖችን በአንድ ቀን፣ በአንድ ገበያ ጎን ለጎን አቁሙ። አንዷ ያልተገጨችው ናት፣ በሐሳብ ብቻ ያለችው፤ ሁለተኛዋ ተገጭታ የተጠገነችው ናት። ሞዴላቸው፣ ኪሎ ሜትራቸው፣ ቦሏቸው ሁሉ አንድ ይሁን። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ጉዳቱ ነው። የዋጋ ንረቱ ሁለቱንም እኩል ስለሚያነሣ ከስሌቱ ይወጣል። ይህን ለወኪሉ ሳስረዳው ያቀረብሁለት ምሳሌ የፎገራ ነበር፦ የጎረቤትህ ከብት ማሳህን ግማሹን በልታ፣ በዚያ ዓመት የሩዝ ዋጋ እጥፍ ቢሆን፣ ከግማሹ ማሳ ያገኘኸው ገንዘብ ካለፈው ዓመት ሙሉ ምርት ጋር ስለተካከለ አልተጎዳህም ትባላለህን? ሳቀ፤ መልስ ግን አልሰጠኝም።

ሁለተኛው መቃወሚያ «ገና አልተሸጠችም፤ ያልተሸጠ ዕቃ ኪሳራ የለውም» የሚል ነው። የጀርመን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1961 እ.ኤ.አ. ይህን መልሶታል፤ ባለቤቱ መኪናውን መጠቀሙን ቢቀጥልም የንግድ ዋጋዋ መቀነስ ካሣ የሚያሰጥ ጉዳት ነው አለ። በእኛም ሕግ መልሱ ሌላ ሊሆን አይገባም፤ ዋጋው የጎደለው በግጭቱ ቀን ነው፤ ሽያጩ ጉድለቱን ይገልጠዋል እንጂ አይፈጥረውም። ጉዳቱ ወደፊት የሚመጣ ነው ቢባል እንኳ፣ ቁጥር 2092 መድረሱ የተረጋገጠ የወደፊት ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ እንዲካስ ይፈቅዳል። እዚህ ላይ ተማሪዎች እንድታሰምሩበት የምፈልገው የይርጋ ጉዳይ አለ። በቁጥር 2143 መሠረት ክሱ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው፤ ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ ከዚያ የሚረዝም ከሆነ ብቻ ረዥሙ ይጸናል። «ስሸጣት አያለሁ» ብሎ የተቀመጠ ሰው ገዢ ሲያገኝ መብቱን አጥቶ ሊያገኘው ይችላል። አጎቴ ወደ እኔ የመጡት ሁለት ዓመቱ ሊሞላ ሰባት ሳምንት ሲቀረው ነበር።

ሦስተኛው ችግር የማስረጃ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የሚከብደው ይኸው ነው። እንግሊዝ አገር በ1974 እ.ኤ.አ. ፔይተን በብሩክስ ላይ ባቀረበው ክስ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ መርሑን ተቀበለ፤ ከሳሹ ግን ዋጋው መጉደሉን ስላላስረዳ ተረታ። መብት ይዞ በማስረጃ መረታት የእኛም ጠበቆች የዘወትር ልማድ ነው። ከጥገናው በፊትና በኋላ የተነሡ ፎቶዎች፣ የትራፊክ ፖሊሱ ፕላን፣ የጋራዡ ፕሮፎርማና ደረሰኝ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በዚያው ገበያ መኪና በማሻሻጥ የሚተዳደሩ ሰዎች ቃል ያስፈልጋል። ደላላን እንደ ባለሙያ ምስክር ማቅረብን አንዳንድ ባልደረቦቼ ይንቁታል። እኔ አልስማማም፤ የተሠራች መኪና ወረታ ላይ ስንት እንደምታወጣ ከመካኒካል መሐንዲስ ይልቅ እርሱ ያውቃል። ትክክለኛው መጠን በቁርጥ ሊታወቅ ባይችልም ቁጥር 2102 ዳኛው በርትዕ እንዲወስን ሥልጣን ሰጥቶታል። ይህ ቁጥር መጠኑን ለመገመት እንጂ ጉዳቱ መኖሩን ለማስረዳት ግን አይተካም።

በአሜሪካ የጆርጂያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2001 እ.ኤ.አ. መድን ሰጪዎች የራሳቸውን ደንበኛ መኪና የዋጋ ጉድለት እንዲገምቱ ከወሰነ በኋላ፣ ከመኪናው ዋጋ አሥር በመቶ የማያልፍ፣ በጉዳቱ ክብደትና በኪሎ ሜትሩ እየተባዛ የሚቀንስ ቀመር ተስፋፋ። ቀመር ሥራ ያቀላል፤ ይህኛው ግን ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደን መኪና ከሞላ ጎደል ያለ ካሣ ያስቀረዋል። ሃያ ዓመት የነዳች መኪና የአንድ ቤተሰብ ዋና ሀብት በሆነበት አገር እንዲህ ያለውን ቀመር መቅዳት አልመክርም።

ስለ መድን ባጭሩ። የራስን መኪና የሚሸፍነው ሙሉ ዋስትና ውል ነው፤ የተለመዱት የውል ቅጾች የዋጋ መቀነስን ከሽፋኑ ያወጣሉ፤ ስለዚህ የራስን መድን ሰጪ በዚህ መጠየቅ ብዙውን ጊዜ አያዋጣም። በገጪው በኩል የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 በ2005 ዓ.ም. ሲወጣ ለንብረት ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ 100,000 ብር ነበር፤ እንዲህ ያለ ጣሪያ በጥገናው ብቻ ሊሞላ ይችላል። ጣሪያው ግን የመድን ሰጪውን ግዴታ እንጂ የባለንብረቱን ኃላፊነት አይገድብም። ቀሪው ከባለንብረቱ ይጠየቃል።

ጥፋተኛው ሳይለይ ሲቀር ደግሞ ቁጥር 2084 ሁለቱ ተሽከርካሪዎች ለግጭቱ እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ቆጥሮ የጠቅላላውን ጉዳት ግማሽ በየባለቤቶቹ ላይ ይጥላል። ከሳሽ የዋጋ ጉድለቱን በጠቅላላው ውስጥ ካላስቆጠረ የሌላውን ጥገና ግማሽ ከፍሎ የራሱን ጉድለት ተሸክሞ ይቀራል። መኪናን የጎዳው በሬ ከሆነስ? ይህን በፎገራ መጠየቅ ቀልድ አይደለም። ቁጥር 2074 የቤት እንስሳ ባለቤት፣ የራሱ ጥፋት ከሌለበት፣ ጉዳት ያደረሰውን እንስሳ ለተጎጂው በማስረከብ ከኃላፊነት ነጻ እንዲወጣ ይፈቅድለታል። የፎገራ በሬ ዋጋ ከመኪናዋ የዋጋ ጉድለት ይበልጥ እንደሆነ ማስላቱን ለተማሪዎች እተወዋለሁ።

የአጎቴ ጉዳይ ፍርድ ቤት አልደረሰም። ክሱን አርቅቄ ሳለ ሽማግሌዎች ገቡ። ያስቸገረን ነገር ቢኖር በግጭቱ ሰሞን የፈረሙት ወረቀት ነበር፤ «መኪናዬ ስለ ተሠራችልኝ ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» ይላል። በእርቅ ውል የሚተው መብት በጠባቡ እንዲተረጎም ሕጉ ያዛል፤ ስለዚህ የተተወው የጥገናው ጥያቄ እንጂ የዋጋው አይደለም ብዬ ተከራከርሁ፤ ወኪሉም ተቃራኒውን። ሁለታችንም የሚያስኬድ ክርክር ነበረን። ሽማግሌዎቹ ወረቀቱን አንብበው፣ የሦስት ደላሎችን ቃል ሰምተው፣ 110,000 ብር እንዲከፈል ቆረጡ። አጎቴ ተቀበሉ። እኔ በበኩሌ 170,000 ይገባቸው ነበር እላለሁ፤ በዚያ ወረቀት ላይ «ስለ ጥገናው» የሚል አንድ ቃል ተጨምሮበት ቢሆን ኖሮ አልደራደርም ነበር።

የቀረውን ጊዜ ለጥያቄዎቻችሁ እተወዋለሁ።