ጠበሉና ካሜራው፦ ምስክርነትና ምስጢር በማኅበራዊ ሚዲያ ዘመን

በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ፣ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ የሕዝብ ንግግር



ከዚህ ተነሥቶ በሽሮ ሜዳ በኩል ሽቅብ የሚወጣ ሰው የሸማ መደብሮቹን አልፎ፣ የባሕር ዛፉን ጫካ ተሻግሮ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑበት ከእንጦጦ ማርያም ይደርሳል። ስፍራው ለታሪክ ተመራማሪ የዘውድና የቤተ መንግሥት መታሰቢያ ነው፤ ለታመመ ሰው ግን ጠበል ነው። ማለዳ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ጀሪካን አንጠልጥለው ዳገቱን የሚወጡትን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። በዚያው በጉለሌ፣ ከዳገቱ በታች፣ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል አለ። ሁለቱንም ደጅ የሚጠና ሕመምተኛ ጥቂት አይደለም። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒትና ጠበል እንደማይቃረኑ በይፋ መናገራቸው የሚታወስ ነው።

እስቲ አንድ ነገር እንገምት። በሆስፒታሉ አልጋ ላይ ራሷን የሳተች ሴት ተኝታለች። አንድ ጠያቂ ስልኩን አውጥቶ ፊቷን ይቀርጽና ምሽቱን ለብዙ ሺህ ሰው ያሰራጨዋል። ምን እንላለን? ነውር ነው እንላለን፤ ሐኪሞቹንም በቸልተኝነት እንከሳለን። ያቺው ሴት በጠበል ቦታ ወይም በፈውስ ጉባኤ መድረክ ላይ ስትወድቅና ስትጮኽ ተቀርጻ ብትሰራጭ ግን አብዛኞቻችን “ምስክርነት ነው” ብለን እናልፈዋለን። ሴትዮዋ አንድ ናት፤ ሕመሙም አንድ ነው። የተለወጠው የእኛ ሚዛን ነው። የዛሬው ንግግሬ ይህ ሚዛን ለምን እንደተለወጠ ለመመርመርና ወደ ቦታው የሚመለስበትን መንገድ ለመጠቆም የታሰበ ነው። አስተያየቴ በአንድ ደብር፣ በአንድ ጉባኤ ወይም በአንድ ቤተ እምነት ላይ ያነጣጠረ አለመሆኑን አስቀድሜ መግለጽ እወዳለሁ።

ቤተ ክርስቲያን ለመገናኛ ብዙኃን እንግዳ አይደለችም

አንዳንዶች ማኅበራዊ ሚዲያ በባሕርይው ከእምነት ጋር እንደሚጣላ ያስባሉ። ታሪክ ይህን አይደግፍም። አቡ ሩሚ የተባለው ኢትዮጵያዊ በግብፅ ሆኖ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ መለሰ፤ ሥራው ሙሉ በሙሉ ታትሞ የወጣውም በአውሮፓ ማተሚያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1840 ነበር። በ1955 ዓ.ም. በሉተራን የዓለም ፌዴሬሽን አማካይነት በአዲስ አበባ የተከፈተው ብሥራተ ወንጌል ራዲዮ፣ ደርግ በ1969 ዓ.ም. እስኪወርሰው ድረስ ከአገር አልፎ ወደ አፍሪካና ወደ እስያ ያሰራጭ ነበር። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ደግሞ የአብያተ ክርስቲያናት ደጆች ለብዙኃኑ ተዘግተው፣ ጸሎቱ በቴሌቪዥንና በስልክ ወደ የቤቱ ገባ። የዚያን ዓመት ትንሣኤ በሳሎኑ ያከበረ ሰው የመሣሪያውን ጥቅም ሊክድ አይችልም። ዛሬም በቤይሩት ወይም በሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን እሑድ ማለዳ መዝሙርና ስብከት የምታገኘው በዚያችው በእጇ ባለችው ስልክ ነው።

እንግዲህ አዲሱ ነገር ምንድን ነው? ሦስት ነጥቦችን ላንሣ።

የመጀመሪያው አርታኢ አለመኖሩ ነው። በማተሚያ ቤቱም ሆነ በራዲዮ ጣቢያው አንድ ሰው “ይህ ይውጣ፣ ይህ ይቅር” ይል ነበር። ዛሬ ስልክ የያዘ ሁሉ ቀራጭም፣ አርታኢም፣ አሰራጭም ነው።

ሁለተኛው የደረጃ አወጣጡ ነው። ፌስቡክም ሆነ ቲክቶክ የትኛውን ምስል ቀድሞ እንደሚያሳየን የሚወስነው፣ ሰው ምስሉን ምን ያህል ጊዜ ቆሞ እንዳየው፣ ስንት አስተያየት እንደሰጠበትና ለስንት ሰው እንዳጋራው በመሳሰሉ ምልክቶች እየመዘነ ነው። ሰውን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ደግሞ በአብዛኛው ድንጋጤ፣ ቁጣና ተአምር ነው። አንድ አባት ዝግ ባለ ድምፅ ስለ ትዕግሥት የሚያስተምሩበት ሃያ ደቂቃና አንዲት ልጅ መሬት ላይ የምትንፈራገጥበት ሃያ ሰከንድ በዚህ ሚዛን እኩል አይወጡም። ገንዘብም አለበት። በዩቲዩብ ከማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል ከሚያበቁ መስፈርቶች ዋነኞቹ 1,000 ተከታዮችና በአንድ ዓመት ውስጥ 4,000 የእይታ ሰዓት ናቸው። አገልጋዩ ሳያስበው የሰዓት ቆጣሪ ሎሌ ሊሆን ይችላል፤ የታመመችውም ልጅ የእይታ ሰዓት ማሟያ ትሆናለች።

ሦስተኛው አለመጥፋቱ ነው። አበው “ከአፍ ከወጣ አፋፍ” ያሉት ገና በቃል ዘመን ነው። ቃል ግን ቢያንስ ይረሳል። ምስል ተገልብጦ፣ ተቆርጦ፣ ከሌላ ርዕስ ጋር ተቀጥሎ ከዓመታት በኋላ ይመለሳል።

አንድ ገጠመኝ

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ ተነሥቼ አይደለም። ከዓመታት በፊት ያስተማርኳት አንዲት ወጣት በልጅነቷ ጽኑ ሕመም ነበረባት፤ ቤተሰቦቿ ለጸሎት ወስደዋት ሳለ ራሷን ባታውቅበት ሰዓት ተቀረጸች። ዳነች፣ ተማረች፣ ሥራ ያዘች። ሽማግሌ ተልኮላት ሳለ ያ ምስል ከእጮኛዋ ቤተሰብ ስልክ ላይ ተገኘ። ነገሩ ፈረሰ። ቢሮዬ መጥታ ያለችኝን አልረሳውም፦ “እግዚአብሔር ማረኝ፤ ኢንተርኔት ግን አልማረኝም።” ታሪኳን እንድናገር ፈቅዳልኛለች፤ ማንነቷ እንዳይታወቅ ግን አንዳንድ ዝርዝሮችን ሆን ብዬ ለውጫለሁ።

እርሷ ከሄደች በኋላ በቤተሰባችን የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ያስተላለፍኳቸውን መልእክቶች ወደ ኋላ መለስ ብዬ ተመለከትኩ። የእርሷ ምስል አልነበረም። የሌሎች ሰዎች ግን ነበር። ስማቸውን የማላውቀው፣ ፈቃዳቸውን ያልጠየቅኋቸው፣ “ድንቅ ነው” ብዬ ለአክስቶቼና ለወንድሞቼ የላክኋቸው ፊቶች። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው እንደ ከሳሽ ሳይሆን ከተከሳሾቹ እንደ አንዱ ሆኜ ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍት ምን ያስተምሩናል?

“ፈውስ ሊነገር ይገባል” የሚለው መከራከሪያ ትክክለኛ መሠረት አለው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ከአጋንንት የተፈወሰው ሰው ወደ ቤቱ ሄዶ የተደረገለትን እንዲናገር ታዝዟል። ነገር ግን እናስተውል፤ እንዲናገር የታዘዘው የተፈወሰው ሰው ራሱ ነው። የሚናገረውም ልቡ ከተመለሰለት በኋላ፣ ለሚያውቁት ለቤተሰዎቹ ነው። በዚያው ምዕራፍ መጨረሻ፣ በኢያኢሮስ ቤት፣ ክርስቶስ የሚያለቅሰውንና የሚስቀውን ሕዝብ ከቤት አስወጥቶ፣ ወላጆቿንና ሦስት ደቀ መዛሙርትን ብቻ ይዞ ወደ ልጅቱ ገባ፤ ስትነሣም ነገሩን ማንም እንዳያውቅ አጥብቆ አዘዘ፤ የሚበላም እንዲሰጧት ነገራቸው። ታላቁ ተአምር በዝግ በር ተፈጸመ። የመጀመሪያው አሳብም የልጅቱ ምግብ እንጂ የተመልካች ብዛት አልነበረም።

ከዚህ ሁለት መርሖዎችን እናገኛለን። ምስክርነት የባለቤቱ ሀብት ነው፤ ሌላ ሰው ሊሰጥለት አይችልም። ምስክርነት ጊዜ አለው፤ ራስን በሳቱበት ሰዓት የሚሰጥ ምስክርነት የለም። የንስሐ አባት የሰማውን እንዲሰውር የምታዝዝ ቤተ ክርስቲያን፣ የታመመን ሰው ምስጢር ለስልክ አሳልፋ ብትሰጥ ከራሷ ትውፊት ጋር ትጋጫለች። ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም በምክር አገልግሎታቸው ይህንኑ የምስጢር ጥበቃ ያስተምራሉ። በዚህ ጉዳይ ላይ ትውፊቶቻችን አይለያዩም።

በወንድም ላይ ስለሚቀርብ ተግሣጽም እንዲሁ ነው። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ቅደም ተከተል ያስቀምጣል፤ አስቀድሞ ለብቻ፣ ቀጥሎ በሁለት ወይም በሦስት ምስክሮች ፊት፣ በመጨረሻ ለጉባኤው። በቀጥታ ስርጭት የሚካሄደው መወቃቀስ ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ ከመጨረሻው ይጀምራል፤ አልፎም ጉባኤው ባልሆነ ሕዝብ ፊት ያቀርበዋል።

ከ2015 ዓ.ም. የምንማረው

በጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. በወሊሶ አቅራቢያ በሐሮ በዓለ ወልድ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱስ ሲኖዶስ ዕውቅና ውጭ የኤጲስ ቆጶሳት ሹመት በተካሄደ ጊዜ የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በነነዌ ጾም ምእመናን ጥቁር እንዲለብሱ የተላለፈው ጥሪ በስልኮቻችን ላይ ሲዘዋወር ሰነበተ፤ መግለጫውም፣ ሐዘኑም፣ አሉባልታውም በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። በየካቲት መጀመሪያ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ተገደቡ፤ ስምምነቱ በዚያው በየካቲት ወር ቢደረስም ገደቡ የተነሣው በሐምሌ ነበር። ከዚህ የምወስደው ትምህርት ድርብ ነው። መሣሪያው የተበተነ ምእመን በአንድ ቀን አንድ ልብ እንዲሆን ሊያደርግ ይችላል። በዚያው ቀን ደግሞ በሰው ነፍስ ላይ የሚደርስ ወሬ ሊያዛምት ይችላል። ሁለቱን የሚለየው ከማስተላለፍ በፊት የሚደረግ ማጣራት ነው፦ ጽሑፉን ያወጣው አካል ማን ነው? ምስሉ መቼና የት ተነሣ? በአካሉ ይፋዊ ገጽ ላይ አለን?

ሕጉስ?

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ክብር ያረጋግጣል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በሕዝብ ፊት እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ በቁጥር 28 ግን በአደባባይ ለተፈጸሙ ሥነ ሥርዓቶችና ለመሳሰሉት ልዩ ሁኔታ ይተዋል። አንዳንድ ቀራጮች በዚህ ልዩ ሁኔታ ሥር ለመጠለል ይሞክሩ ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ ስለ ጤናና ስለ ሃይማኖት ለሚገልጹ መረጃዎች ከሌሎች የበለጠ ጥበቃ ይሰጣል። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የሚፈጸምን ጥፋት አክብዶ ይመለከታል፤ ይህም ብዙ መንፈሳውያን ገጾችን የሚነካ ነው። ይሁን እንጂ ሕግ ዝቅተኛው ወለል ነው። “አልተከለከለም” ማለት ለዜጋ ይበቃ ይሆናል፤ ለአገልጋይ ግን አይበቃም።

ለየዕለቱ የሚሆን ልማድ

ለተማሪዎቼ የምመክረውን በአጭሩ ላስቀምጥ። ራሱን ያላወቀን ሰው፣ ሕፃንንና የታመመን አትቅረጹ። የዳነ ሰው ሊመሰክር ቢፈልግ ቆየት ብሎ፣ በጤናው፣ በሙሉ ልቡ ይናገር፤ በኋላ ቢጸጸት ምስሉን የምታነሡለት መሆኑንም አስቀድማችሁ ንገሩት። የእርዳታ ጥሪ ስታዩ ወደ ባንክ ሒሳቡ ከመላካችሁ በፊት ደብሩን ወይም አጥቢያውን በስልክ ጠይቁ፤ በታወቁ አባቶችና መጋቢዎች ስም የሚከፈቱ የሐሰት ገጾች አሉና። በጸሎትና በቅዳሴ ሰዓት ስልካችሁን አጥፉ። በመጨረሻም “አጋራ” የሚለውን ከመንካታችሁ በፊት “ይህ የእናቴ ፊት ቢሆን?” ብላችሁ ጠይቁ።

ከተሳታፊዎች ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱ

*ጥያቄ፦* ዶክተር፣ እኔ በአጥቢያችን በሚዲያ ክፍል አገለግላለሁ። የፈውስ ምስሎችን አይተው ወደ እምነት የተመለሱ ሰዎችን በዓይኔ አይቻለሁ። እነዚህን ብናቆም ለእነዚያ ነፍሳት ማን ይጠየቃል? ፊታቸውን ብንሸፍንስ አይበቃም?

*መልስ፦* ጥያቄህ ከባድ ነው፤ የተመለሱትንም ሰዎች አላቃልልም። ፊት መሸፈን ከምንም ይሻላል፤ ድምፅ፣ ልብስና አጠገቧ የቆመች እናት ግን ይታወቃሉ። በሰፈሯ ያለ ሰው ያውቃታል፤ የሚጎዳትም የሰፈሯ ሰው ነው። እኔ የምልህ አቁም ሳይሆን ቆይ ነው። ያቺ ልጅ ድና፣ በእግሯ ቆማ፣ “ልናገር” ብላ ወደ አንተ ብትመጣ ያን ጊዜ ካሜራህን ክፈት። ባትመጣ ግን ፈውሷ ከእርሷና ከአምላኳ ጋር ይቆይ። ኢያኢሮስ ቤት ከተዘጋው በር ውጭ የቀሩት ሰዎች ምንም አላዩም፤ ልጅቱ ግን ተነሥታ በልታለች።