ምርመራው «ምንም የለም» ይላል፣ እግሩ ግን ይደነዝዛል፤ እስከ ቀጠሮው ምን እናድርግ?



«ምንም የለብህም» ተብሎ ከሐኪም ቤት የወጣ፣ ግን ያልዳነ ሰው ታውቃላችሁ? እኛ ዲላ ላይ ብዙ እናውቃለን። እግሩ ይደነዝዛል፣ ያዞረዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ደምም ሽንትም ተመርምሮ ውጤቱ ደህና ነው። በመጨረሻ ሪፈር ይጻፍለታል፤ ቀጠሮው ሲመጣ ደግሞ ሩቅ ነው።

በዚህ መሀል ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ይሆናል። አንዱ «ብርድ ነው» ይላል፣ ሌላው «ነርቭ ነው»፣ ሌላው «ጭንቀት ነው፣ ተወው»። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሰው ነክቶህ እንዳይሆን» የሚልም አይጠፋም። በቡና ወቅት የተገኘችው ብር በየፋርማሲው ታልቃለች፤ የቀጠሮው ቀን ሲደርስ የመሳፈሪያ የለም።

ዛሬ የምናወራው ስለዚህ የጥበቃ ጊዜ ነው። ጊዜው በከንቱ የሚያልፍ አይደለም፤ በአግባቡ ከተጠቀምንበት ለሐኪሙ ግማሹን ሥራ ይሠራለታል።

ወረፋው ለምን ይረዝማል?

በአገራችን የነርቭ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ችግሩ ግን ጥንትም ነበረ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ ቤት ለቤት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ1000 ሰው 5 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለበት አግኝተዋል። አብዛኞቹ ሕክምና አላገኙም ነበር።

ከጌዴኦ ዞን የሚነሳ ታማሚ ከጤና ጣቢያ ወደ ዲላ ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ከዚያ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ወደ ሐዋሳ፣ ካልሆነም 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ወደ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ድረስ ሊላክ ይችላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ ይህንን ሰንሰለት አትዝለሉት። ያለ ሪፈር ወረቀት በቀጥታ ትልቅ ሆስፒታል መሄድ ወጪውን ከኪሳችሁ ሊያስወጣ ይችላል።

«ምንም የለም» ማለት «ውሸት ነው» ማለት አይደለም

ኤምአርአይና ሲቲ ስካን የሚያሳዩት የአንጎልን ቅርጽ ነው። ዕጢ፣ ደም መፍሰስና ጠባሳ ይታይባቸዋል። አንጎል እንዴት እየሠራ እንደሆነ ግን ሁሉንም አያሳዩም። ስልካችሁ ስክሪኑ ሳይሰነጠቅ ኔትወርክ አልሠራ የሚልበት ጊዜ የለም እንዴ? እንደዚያው ነው። ማይግሬን በስካን አይታይም። አንጎሉ ሳይጎዳ አሠራሩ በመዛባቱ ብቻ የሚደነዝዝ፣ የሚዝል ወይም የሚንቀጠቀጥ ሰው አለ። ይህ በሽታ ራሱን የቻለ ሕክምና አለው። ሰውየው እያስመሰለ አይደለም።

እስኪ አሁን ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ እንጻፍ። አንድ ደብተር ይበቃል። መቼ ጀመረ? በየትኛው ጎን? ስንት ደቂቃ ቆየ? ምን እየሠራን ነበር? እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ጫት፣ የወር አበባ፣ የተወሰደ መድኃኒት ሁሉ ይጻፍ። የሚጥል ወይም የሚያንቀጠቅጥ ከሆነ፣ አንድ ሰው ታማሚውን እየጠበቀ ሌላው በስልክ ቪዲዮ ይቅረጽ። ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ ሕመሙ ብዙ ጊዜ አይመጣም፤ ያቺ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ከብዙ ምርመራ ትበልጣለች።

ሁለተኛ፣ በቅርብ የሚገኙ ምርመራዎች ተሠርተው እንደሆነ እንጠይቅ። ስኳር፣ ደም ማነስ፣ እንቅርት፣ ኤችአይቪና የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ሁሉም ነርቭ ላይ ሊወጡ ይችላሉ። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ነው። ከቆጮና ከጎመን አይገኝም። የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው እግሩን ቢያቃጥለው ወይም ቢደነዝዘው ለሐኪሙ ይንገር፤ አንደኛው መድኃኒት ቫይታሚን ቢ6ን ስለሚያሳጣ ነው፣ መፍትሔም አለው። መድኃኒቱን በራስ ማቋረጥ ግን አይሆንም። ቆዳ ላይ የማይሰማ ነጣ ያለ ምልክት ካለ ደግሞ ሥጋ ደዌ እንዳይሆን ይታይ። በጊዜ ከተያዘ ይድናል።

ሦስተኛ፣ ከፋርማሲ መርፌ አናብዛ። «የነርቭ ቫይታሚን» ከምርመራው በፊት መወጋት የቢ12 ውጤቱን ያዛባል። የራስ ምታት ማስታገሻ በወር ከ10 እስከ 15 ቀንና ከዚያ በላይ ሲወሰድ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። የተወሰደውን ሁሉ ካርቶኑን ይዛችሁ ሂዱ።

አራተኛ፣ ሕመሙ እስኪታወቅ ከአደጋ እንራቅ። ራሱን የሚስት ሰው ሞተር አይንዳ፣ ዛፍ ላይ አይውጣ፣ ወንዝ ብቻውን አይግባ፣ እሳት ላይ ብቻውን አያብስል። ሲጥለው ክብሪት ማሽተት ወይም አፉ ውስጥ ማንኪያ ማስገባት አያድንም፣ ሊጎዳው ይችላል። በጎን አስተኝታችሁ፣ ጭንቅላቱ ሥር ጨርቅ አድርጋችሁ ሰዓት ተመልከቱ።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ምልክቶች

እነዚህ ከታዩ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው፦ ፊት ወደ አንድ ጎን ሲጣመም፣ በድንገት አንድ እጅ ሲዝል ወይም አንደበት ሲተሳሰር፤ አይቶት የማያውቀው ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት፤ ትኩሳት ከአንገት መገተር ጋር፤ ከእግር ጀምሮ በሰዓታትም ይሁን በቀናት ወደ ላይ የሚወጣ ድካም፤ የእግር መዛል ሽንት ከመከልከል ወይም ካለመቆጣጠር ጋር፤ ከ5 ደቂቃ ያለፈ መንቀጥቀጥ። ነገ ጠዋት ይሻለዋል ብሎ ማሳደር ዕድሜ ልክ ሊያስከፍል ይችላል።

ለቤተሰብ አንድ ቃል

ጸሎትም ይሁን ጸበል የሚከለክል የለም፤ መድኃኒቱ ግን ጎን ለጎን ይሂድ። ታማሚውን ደግሞ «ታስመስላለህ» አንበለው። ስሙ ያልታወቀ ሕመም የሚያደክመው በሕመሙ ብቻ አይደለም፣ የሚያምን ሰው በማጣትም ነው። እንቅልፍ ካጣ፣ ተስፋ ከቆረጠ፣ «ብሞት ይሻለኛል» ካለ ብቻውን አንተወው፤ ይህንንም ለሐኪሙ እንንገር።

እንግዲህ ደብተሩ ዛሬ ማታ ይጀመር። ቤታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ እንዲህ የሚጠብቅ ሰው ካለ ይህንን አንብቡለት፣ ሼር አድርጉለት። የቀጠሮው ቀን ሲደርስም አንድ ሰው አብሮት ይሂድ።