ካይሮ ላይ በጥቂት ገንዘብ ጠግቦ መዋል



ወደ ውጭ አገር የሚጓዝ ወጣት አስቀድሞ የሚጨነቀው ለአውሮፕላን ቲኬትና ለማደሪያ ነው። ኪሱን ቀስ በቀስ የሚያራቁተው ግን ምግብ ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ለሁለት ወር ዐረብኛ ልማር ካይሮ በሄድኩ ጊዜ ነው። አባቴ በሬ ሸጦ ከሰጠኝ ገንዘብ ሲሶው በአራት ቀን የሆቴል ምሳና እራት አለቀ። በአራተኛው ሌሊት የቀረውን አልጋዬ ላይ ዘርግቼ ስቆጥር እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ከፈጅር ሰላት በኋላ አንድ የወሎ ልጅ ሁኔታዬን አይቶ፣ «ወንድሜ፣ አገሬው የሚበላውን ብላ» አለኝና ወደ ፉል ሻጭ ጋሪ ወሰደኝ።

ፉል ለእኛም እንግዳ አይደለም። ግብፆች ባቄላውን አንገተ ጠባብ በሆነ ትልቅ ማሰሮ ሌሊቱን ሙሉ በቀዝቃዛ እሳት ያበስሉታል። ጠዋት በዘይት፣ በሎሚና በከሙን አሽተው ከዳቦ ጋር ያቀርቡታል። ሆድ ስለሚይዝ እስከ ዙህር ያቆያል። ጠዕሚያም ከዚያው ከባቄላ ተፈጭቶ የሚጠበስ ነው። ለምሳ ደግሞ ኩሸሪ አለ፤ ሩዝ፣ ምስር፣ መኮሮኒና ሽምብራ ተደባልቆ የቲማቲም ስጎና የተጠበሰ ሽንኩርት ይደረግበታል። ሥጋ ስለሌለው ዋጋው ዝቅ ያለ ነው።

ግብፆች ዳቦን «ዐይሽ» ይሉታል፤ ሕይወት እንደ ማለት ነው። መንግሥት የሚደጉመው ዳቦ ለብዙ ዓመታት በ5 ቂርሽ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 20 ቂርሽ ሆኗል። ይህ ግን የድጎማ ካርድ ላላቸው ዜጎች ስለሆነ እንግዳ የሚገዛው ያልተደጎመውን ነው።

ወገኖቻችን በዚህ ከተማ በጥቂት ሲኖሩ የመጀመሪያዎቹ እኛ አይደለንም። ጥንት በአል-አዝሀር «ሪዋቅ አል-ጀበርት» የተቀመጡት የአካባቢያችን ደረሶች ከወቅፍ በሚሰፈርላቸው ዳቦ እየኖሩ ዒልም ይቀስሙ ነበር።

ስለዚህ ተጓዥ ወንድሞችና እህቶች የሚከተሉትን ልብ ይበሉ፦

1. ከመቀመጣችሁ በፊት «ቢካም?» ብላችሁ ዋጋ ጠይቁ።
2. የአገሬው ሰው ተሰልፎ ከሚበላበት ብሉ፤ ምግቡ ትኩስ ነው፣ አያድርም።
3. ፍራፍሬ ከገበያ ገዝታችሁ አጥባችሁ ብሉ።
4. ጓደኛ ካላችሁ በአንድ ሰሃን ተካፈሉ፤ በረካም አለው።

በረመዳን ደግሞ በየመንገዱ «ማኢደቱ ረሕማን» የተባለ የነፃ ኢፍጣር ማዕድ ይዘረጋል። መንገደኛ ሊያፍርበት አይገባም።

አላህ ማባከንን ከልክሎናል፤ ራስን በረሃብ መጉዳትንም አላዘዘንም። ቁጠባና ስስት ይለያያሉ። እኔ ከዚያ ጠዋት በኋላ አንድም ቀን ጦሜን አላደርኩም። ገንዘቡም እስከ መመለሻዬ በቅቶ ለአባቴ የዒድ ጀለቢያ ገዛሁበት።

አላህ ጉዞአችሁን ያቅናላችሁ።