የዳኑት ሕፃናት እናት ሲሆኑ

እ.ኤ.አ. በ1963 የአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ግዛት እያንዳንዱ አራስ ተረከዙ ተወግቶ ደሙ እንዲመረመር በሕግ አስገደደች። ዛሬ በሜሪላንድም ሆነ በእስራኤል የወለደች ሐበሻ እናት የምታውቀው የተረከዝ ምርመራ የዚያ ዘመን ውርስ ነው። ያኔ የሚፈለገው ፊኒልኬቶኑሪያ፣ ባጭሩ ፒኬዩ፣ የሚሉት በዘር የሚወረስ በሽታ ነበር። ፒኬዩ ያለበት ሰው ጉበት ከፕሮቲን የሚገኘውን ፊኒልአላኒን በወጉ መለወጥ ስለማይችል፣ ትርፉ በደም ተከማችቶ የሕፃኑን አእምሮ ያበላሻል። ዋናው ሕክምና አመጋገብ ነው፦ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ አይብ ይቀራሉ፤ በምትካቸው ሽታው የሚከብድ፣ በሐኪም የሚታዘዝ ዱቄት ተበጥብጦ ይጠጣል። (የጾም ምግብ አያዋጣም ወይ ለሚል አንባቢ፦ ሽሮና ምስርም አይፈቀዱም።)

ምርመራው ሠራ። ልጆቹ ተማሩ፣ አደጉ። ብዙ ሐኪሞችም አእምሮው ከጠና ይበቃል ብለው፣ ልጆቹ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው አመጋገቡን አስቆሙ። ሴቶቹ አንድ ቀን እንደሚያረግዙ ያሰበ ጥቂት ነበር። ይህን እንደ ቀላል ስህተት ማለፍ ይከብደኛል፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ዴንት የእናቶቹን ችግር በ1956 አንስቶት ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግዴ ልጅ ፊኒልአላኒንን ወደ ጽንሱ ሲያሻግር አጠራቅሞ ነው፤ በጽንሱ ደም ያለው መጠን ከእናቱ አንድ ጊዜ ተኩል ገደማ ይሆናል። ጽንሱ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ፒኬዩ የለበትም። ከአባቱ ጤነኛ ዘር ወርሷል፣ ግን ያ በማኅፀን ውስጥ አያድነውም። ከተወለደ በኋላ የሚታከምበት አመጋገብም የለም፤ ጉዳቱ አስቀድሞ ደርሷል።

በ1980 ሌንኬና ሌቪ የተባሉ ሐኪሞች ከ500 በላይ እርግዝናዎችን መዝግበው አሳተሙ። በእናትየው ደም ፊኒልአላኒን በዴሲሊትር 20 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ከልጆቹ 92 በመቶው የአእምሮ ዕድገት ጉድለት፣ 73 በመቶው የጭንቅላት ማነስ፣ 12 በመቶው የልብ አፈጣጠር ችግር ነበረባቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ኪርክማን የተባለ ተመራማሪ፣ እናቶቹ ካልታከሙ የአራስ ምርመራው ጥቅም በአንድ ትውልድ ሊጠፋ እንደሚችል አስልቶ አስጠነቀቀ።

በ1984 የተጀመረ፣ ብዙ ሆስፒታሎችን ያስተባበረ ጥናት መፍትሔውን አሳየ። ከእርግዝና በፊት፣ ቢዘገይ እስከ አሥረኛው ሳምንት፣ በደሟ ያለውን ፊኒልአላኒን በዴሲሊትር ከ2 እስከ 6 ሚሊግራም ያወረደች እናት ጤነኛ ልጅ የመውለድ ዕድሏ ሰፊ ነው። በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ሃያ ዓመት እንደ ሰው የበላች ሴት ግን ወደዚያ ዱቄት መመለስ አለባት፤ ያውም ሳታረግዝ። ማቅለሽለሹ መጥቶ ምግብ ሲያስጥላት ደግሞ ሰውነቷ የገዛ ጡንቻውን ያፈርሳል፤ ከጡንቻው የሚወጣው ፊኒልአላኒንም ደሟ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ባትበላም መጠኑ ይጨምራል።

ዛሬ ሐኪሞች አመጋገቡ ዕድሜ ልክ እንዲሆን ይመክራሉ። በአሜሪካ ግን ለዱቄቱና ለልዩ ምግቡ ኢንሹራንስ መክፈል አለመክፈሉ ከግዛት ግዛት ይለያያል። ሕፃኗን በግዴታ የመረመረ መንግሥት፣ ሴትየዋ እናት ልትሆን ስትነሣ የምግቧን ሒሳብ መክፈል አለበት።