ቀለሟ ሳይፋቅ

ጫንጮ ወዳለው ጋራዤ አንዲት ኤንትሬ ተጎትታ ገባች። ያመጣት ጎልማሳ አባቱ ካረፉ ወዲህ ግቢ ቆማ የከረመችውን መኪና ሊያስጠግን ነው። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ቀለሟ ተፍቆ ይቀባ፤ በሯ ላይ አባዬ የገዛበትን ዓመት አጽፍበታለሁ» አለኝ። ዓመቱን ከየት አገኘኸው ስለው መሪዋን አሳየኝ፤ በቀኝ በኩል ነው። አገራችን ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት የተሻገረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ነውና፣ መኪናዋ ከዚያ በፊት ገብታለች ባይ ነው።

ይህን ክርክር ብዙ ባለመኪና አምጥቶልኛል፤ ግን አያስኬድም። ፊያት ኤንትሬን፣ ማለትም 682ን፣ ሲሠራ፣ ጣሊያን ራሷ በቀኝ እየነዳች፣ መሪውን በቀኝ ያደርገው ነበር። በተራራ መንገድ ሹፌሩ የገደሉን ጠርዝ ከመስኮቱ ሥር እንዲያይ ነው። ከዚህ ተነሥቶ በጎሃ ጽዮን አባይ በረሃ ለወረደ ሹፌር ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

ሊብሬው የታደሰ ነው፤ እዚያ የተጻፈው የሞተር ቁጥር ከብሎኩ ጋር አይገጥምም። ሞተሯ ተቀይሯል ማለት ነው። ወደ ሻንሲው ወረድን። ቅባቱን በነጭ ጋዝ አለስልሼ በጨርቅ ጠረግሁት፤ የሽቦ ብሩሽ ምቱን ይበላዋልና አልነካውም። ጠመኔ ሳሽበት ቁጥሩ ነጥቶ ወጣ። ቁጥሩ ግን ፋብሪካዋን እንጂ የገዛትን ሰው አይናገርም።

ስለ ሰዎቹ የሚናገረው ልጁ ሊያስፍቀው የቸኮለው ቀለም ነበር። ሰማያዊው በተሰነጠቀበት ቀይ ይታያል፤ ቀዩ ላይ ነጭ የፊደል ጭረት አለ። ልሙጥ ብርጭቆ ወረቀት ውሃ ውስጥ እየነከርሁ በጣቴ ጫፍ ስጠርግ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። የወጣው ቃል «ቀጣና» ነው። በደርግ ጊዜ የግል የጭነት መኪኖች በቀጣና ተደራጅተው በወረፋ ነበር የሚጭኑት።

እናቱን አስጠራናቸው። በሩን ዳበሱት። «ስትገዛ ቀይ ነበረች፤ ጽሕፈቱ አልነበረባትም» አሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ፦ «ይሄን ያስጻፈው አንተን አርግዤ ሳለሁ ነው። ስትወለድም እሱ ወረፋ ላይ ነበር።»

ልጁ ለቀለም ቀቢው ደወለና በሩን እንዳይነካ ነገረው።