ፖስተር መዝገብ ሲሆን

ፖስተር ለዕድሜ ተብሎ አይሠራም። ዛሬ ይለጠፋል፤ ነገ ዝናብ ያላቅቀዋል ወይም ሌላ ይለጠፍበታል። ተርፎ ቤተ መዛግብት የሚገባውም ብዙ ጊዜ የሠሪው ስምና የታተመበት ቀን የለውም። ምስክርነቱን የሚመልስለት መዝጋቢው ነው።

የሜዱን የጥበብ ቡድን ፖስተሮች እንመልከት። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በቦትስዋና ዋና ከተማ ጋቦሮኔ ይሠሩ የነበሩት የሜዱ አባላት በአብዛኛው ከአፓርታይድ የተሰደዱ ደቡብ አፍሪካውያን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በጁን 1985 የደቡብ አፍሪካ ጦር ከተማዋን በሌሊት ወርሮ ሠዓሊውን ታሚ ምንየሌን ጨምሮ 12 ሰዎች ገደለ፤ የሜዱም ሥራ በዚያው አከተመ። ሠሪዎቹ ሲበተኑ የፖስተሮቹ ታሪክ የሚድነው በተጻፈው ልክ ነው።

እንዴት ይጻፍ ለሚለው ዓለም አቀፉ የመዛግብት ምክር ቤት የጋራ ደረጃ አውጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው ሁለተኛው እትም 26 የገለጻ ነጥቦች አሉት። ስድስቱ አይታለፉም፦ መለያ ቁጥር፣ ርእስ፣ መዝገቡን ያመነጨው ወይም ያሰባሰበው አካል፣ ዘመን፣ መጠንና የገለጻ ደረጃ።

ዋናው ሕግ ከአጠቃላይ ወደ ዝርዝር መውረድ ነው። መጀመሪያ ስብስቡ በሙሉ ይገለጻል፦ ማን ሰበሰበው፣ እንዴት ቤተ መዛግብቱ ደረሰ። ቀጥሎ ንዑስ ክፍሎቹ፣ በመጨረሻ እያንዳንዱ ፖስተር። ላይ የተባለው ታች አይደገምም። የሜዱ ታሪክ አንድ ጊዜ በስብስቡ ደረጃ ከሰፈረ፣ ለየፖስተሩ የሚቀረው የራሱ ብቻ ነው፦ የታተመበት ጽሑፍ ቃል በቃል፣ ቋንቋው፣ ቁመትና ወርዱ በሴንቲሜትር፣ የኅትመቱ ዘዴ፣ የደረሰበት ጉዳት።

አስቸጋሪው ዘመኑ ነው። ሜዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው አንድ ፖስተር ሴቶች በ1956 ፕሪቶርያ ያደረጉትን ሰልፍ የሚዘክር ነው። የሚዘከረውን ዓመት የኅትመት ዓመት አድርጎ የመዘገበ ሰው 25 ዓመት ይስታል። ስለዚህ መዝጋቢው ከፖስተሩ ያላነበበውን፣ ከሌላ ማስረጃ የደረሰበትን ዓመት በማዕዘን ቅንፍ ያስገባል፤ አንባቢም የታተመውን ከተገመተው ይለያል።

በእኛ አገር ፖስተሮች ላይ ደግሞ የዘመን አቆጣጠር ይጨመራል። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በ1971 ዓ.ም. ነው። መዝጋቢው «1971» ብሎ ብቻ ካለፈ፣ የውጭ አንባቢ የደርግን ዘመቻ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ያደርገዋል። የታተመው ዓመት እንዳለ ተጽፎ፣ እ.ኤ.አ. 1978/79 መሆኑ ከጎኑ መስፈር አለበት።

ቤትዎ የቆየ ፖስተር ካለ በጀርባው በእስክሪብቶ አይጻፉበት። ከማን፣ የትና መቼ እንዳገኙት በሌላ ወረቀት በእርሳስ ጽፈው አብረው ያኑሩት። ብዙ ከሆኑም የተቀመጡበትን ቅደም ተከተል አያፍርሱ። የመዝጋቢው ሥራ የሚጀምረው ከዚያች ወረቀት ነው።