በር ላይ የቆመው ተከላካይ

እሁድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። የጤና ቡድኑ ቀኝ ተመላላሽ ቱታውን ለብሶ፣ የኳስ ጫማውን በፌስታል አንጠልጥሎ፣ ኮቴውን አጥፍቶ ወደ በሩ ይጠጋል። ቁልፉን ገና ሳያዞር ከመኝታ ቤት በኩል የትንሽ እግር ድምፅ ይሰማል። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጁ ዓይኑን እያሻሸ መጥቶ በአባቱና በበሩ መካከል ይቆምና ሁለት እጁን ወደ ላይ ይዘረጋል። እቀፈኝ ማለቱ ነው። በመስመሩ ስንቱን ተከላካይ አታሎ ያለፈው ሰውዬ ይኼኛውን ማለፍ አይሆንለትም። ስልኩ ይጮኻል፤ ከሜዳ ነው። "የት ደረስክ? አስር ሆነን እየጠበቅንህ ነው እኮ!"

እንዲህ ያለው ጠዋት ለብዙው የከተማ ኳስ አፍቃሪ እንግዳ አይደለም። በየሠፈሩ እሁድ እሁድ የሚሰባሰቡት ጤና ቡድኖች አብዛኛውን ተጫዋቻቸውን የሚያገኙት ከባለትዳሩ ነው። ከቡድኑ ድንገት የሚጠፋውም ጉልበቱ የደከመው ብቻ አይደለም። ልጁ ዳዴውን ጨርሶ ቆሞ መሄድ የጀመረለትም ይጠፋል። ሕፃን አልጋ ላይ ሲውል ቢያንስ ያስቀመጡት ቦታ ይገኛል። መራመድ ከጀመረ በኋላ ግን ምድጃው፣ ደረጃው፣ የውኃ ባልዲው ሁሉ የሱ ሜዳ ነውና ሰው በሰው መያዝ የግድ ነው። አባትየው "ትንሽ ከፍ ይበልልኝና እመለሳለሁ" ይላል። ልጁ ከፍ ሲል ታናሹ ይደርሳል። ሰውየው ከአራት ዓመት በኋላ ሆዱን አስቀድሞ ሜዳ ብቅ ሲል ቦታው ከተመላላሽነት ወደ በረኛነት ተቀይሮ ይጠብቀዋል።

ስህተቱ የሚጀምረው "ስፖርት ማለት ሜዳ ሄዶ 90 ደቂቃ መጫወት ነው፣ እሱ ካልተቻለ ይቅር" ከሚለው ሐሳብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለውን ይመክራል። በተጨማሪም ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያሠራ ነገር መኖር አለበት። 150 ደቂቃ በኳስ ሒሳብ ሁለት ሙሉ ጨዋታ እንኳን አይሞላም። አንድ ደጋፊ ቅዳሜና እሁድን ብቻ ዲኤስቲቪ ፊት ተቀምጦ ከዚያ በላይ ያጠፋል።

ከቁጥሩ ይልቅ ለወላጅ የሚጠቅመው ግን ከመመሪያው የወጣው ነገር ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው የቀድሞው መመሪያ እንቅስቃሴው የሚቆጠረው በአንድ ጊዜ ቢያንስ 10 ደቂቃ ከቆየ ነው ይል ነበር። አዲሱ ይህንን አንስቶታል። አምስት ደቂቃም ትቆጠራለች፣ ሦስትም ትቆጠራለች። የሁለት ዓመት ልጅ ላለው ሰው ይህ በጭማሪ ሰዓት ከተገኘ ፍጹም ቅጣት ምት አይተናነስም። ቀኑ ሙሉ የተሸራረፈ ነዋ! ወጡ እስኪፈላ፣ ልጁ ቂጣውን እስኪጨርስ፣ የእረፍቱ 15 ደቂቃ እስኪያልቅ። ለወትሮው በእረፍት ሰዓት የተንታኞችን ወሬ የሚሰማው ደጋፊ ፑሽ አፕና ቁጭ ብድግ እያፈራረቀ ቢሠራባት 15 ደቂቃ ቀላል አይደለችም። የሞከረ ያውቃል፤ ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀምር እግሩ እየተንቀጠቀጠ ነው የሚያየው።

ፑሽ አፑ ላይ ልጁ ጀርባው ላይ መውጣቱ አይቀርም። ይውጣ። በድርጅቱ የዕድገት ሰንጠረዥ መሠረት መካከለኛው ወንድ ልጅ አንድ ዓመት ሲሞላው 9.6 ኪሎ፣ ሁለት ሲሞላው 12.2፣ ሦስት ሲሞላው 14.3 ኪሎ ይመዝናል። የክብደት አሠልጣኞች ጡንቻ የሚጠነክረው ሸክሙ ቀስ በቀስ ሲጨምር ነው ይላሉ። እዚህ ቤት ውስጥ ሸክሙ እንጀራ እየበላ በራሱ ጊዜ ይጨምራል። አሳንሰር የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ልጁን ታቅፎ በቀን ሁለቴ ከወጣ ለጂምናዚየም የሚከፍለው ገንዘብ በኪሱ ቀረ። ብቻ ሲያነሳ ከወገቡ ሳይሆን ከጉልበቱ ይጠፍ፣ ልጁንም ወደ ደረቱ አስጠግቶ ይያዝ። ጎንበስ ብሎ በአንድ እጅ መንጠቅ ከየትኛውም ሸርተቴ የባሰ ወገብ ሰባሪ ነው።

ልጁም የራሱ ኮታ አለው። ይኸው ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ባወጣው መመሪያ ከአንድ እስከ አራት ዓመት ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለበት። ሁለት ሙሉ ጨዋታ፣ ያውም በየቀኑ! በጋሪም ሆነ በአንቀልባ ታስሮ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ለሁለት ዓመት ልጅ የቴሌቪዥንና የስልክ ጊዜ ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው፣ ባነሰ መጠን ይመረጣል፤ ለአንድ ዓመቱ ጭራሽ አይመከርም። ስለዚህ ስልክ አስይዞ ስፖርት መሥራት፣ አባትን ጠቅሞ ልጁን ተቀያሪ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ነው። አዝሎ ፈጠን ብሎ መራመድ ግን ለአዛዩ ደህና ሥራ ነው። ግማሹን መንገድ አዝሎ፣ ግማሹን አውርዶ በእግሩ ማስኬድ ሁለቱንም ያስማማል። አዝሎ ወይም ትከሻ ላይ አስቀምጦ መሮጥ አይሞከርም፤ አባት ቢደናቀፍ አብሮ የሚወድቅ አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይሸፋፈን መነገር አለበት። "ልጅ ማባረር ራሱ ስፖርት ነው" የሚለው የወላጆች ማጽናኛ ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ። የሁለት ዓመት ልጅ አስር እርምጃ ሮጦ ጉንዳን ለማየት አምስት ደቂቃ ይቀመጣል። ኳስ ሲያቀብሉት በእጁ ይዞ ይሄዳል፣ ፊሽካ ቢነፋበትም አይሰማም። ግቢ ውስጥ ከልጅ ጋር ኳስ መጫወት ለልጁ ሙሉ ጨዋታ፣ ለአባት ግን ማሟሟቂያ ነው። ላብ የሚያወጣና ትንፋሽ የሚያሳጥር ጊዜ አሁንም ለብቻ ያስፈልጋል። ያንን ጊዜ የሚሰጠው ደግሞ መመሪያ ሳይሆን ሌላ ሰው ነው።

እንግዲህ ነገሩ ወደ ቤት የሚገባው እዚህ ጋ ነው።

አገራችን ትንሽ ልጅ ይዞ ስፖርት መሥራት እንደሚቻል ለዓለም ያሳየችው በእናቶች እንጂ በአባቶች አይደለም። ደራርቱ ቱሉ በ1992 እ.ኤ.አ. ባርሴሎና ላይ የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ወስዳ፣ በ1998 ልጇን ወለደች። በመጋቢት 2000 እ.ኤ.አ. ቪላሞራ ላይ የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮን ሆና ተመለሰች፣ በዚያው ዓመት ሲድኒ ላይ በመጨረሻው ዙር ጌጤ ዋሚንና ፖርቱጋላዊቷን ፈርናንዳ ሪቤይሮን ትታ በ30 ደቂቃ ከ17.49 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰበረች። በርቀቱ ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴትም ሆነች። ያን ቀን ቤቷ ሁለት ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ ነበረች። ደራርቱ በዚህም አልቆመችም፤ በ2009 እ.ኤ.አ. በ37 ዓመቷ የኒውዮርክ ማራቶንን አሸንፋለች።

ጥሩነሽ ዲባባ በ2015 እ.ኤ.አ. ወንድ ልጅ ወልዳ በቀጣዩ ዓመት ሪዮ ላይ ተሰለፈች። አልማዝ አያና የዓለም ክብረ ወሰን በሰበረችበት በዚያ ውድድር ጥሩነሽ ነሐስ አገኘች ተብሎ ብዙ ሰው ቅር አለው። ግን የሮጠችው 29 ደቂቃ ከ42.56 ሰከንድ ቤጂንግና ለንደን ላይ ሁለቱን ወርቆች ስትወስድ ከሮጠችው የፈጠነ ነበር። የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ እናት ከወርቅ ዘመኗ በልጣ ሮጠች ማለት ነው።

በኳሱም ቢሆን አሜሪካዊቷ አጥቂ አሌክስ ሞርጋን በግንቦት 2020 እ.ኤ.አ. ወልዳ፣ በዚያው ዓመት መስከረም ለቶተንሃም ፈርማለች። በ2023ቱ የሴቶች ዓለም ዋንጫ አሜሪካ ይዛ የቀረበችው ስብስብ ውስጥ ሦስት እናቶች ነበሩ። ፊፋም ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ፣ ለወለደች ተጫዋች ቢያንስ 14 ሳምንት የወሊድ ፈቃድ ደንግጓል። ወንዱ ተጫዋች ልጅ ሲወለድለት ኳሷን ማልያው ውስጥ ከትቶ፣ አውራ ጣቱን ጠብቶ ደስታውን ይገልጻል። ልጁን ማን ይዞልህ መጣህ ብሎ የሚጠይቀው ጋዜጠኛ ግን የለም።

እርግጥ ነው፣ ለነዚህ ሴቶች ስፖርት ሥራቸው ነው፤ ልምምዱም፣ እረፍቱም፣ ምግቡም እንጀራቸው ነው። የኮንዶሚኒየሙ ቤተሰብ ግን ይህ የለውም። አንድ ነገር ያመሳስላቸዋል፤ ማንም ሰው ልጅ አዝሎ 10 ሺህ ሜትር አይሮጥም። አትሌቷ በምትሮጥበት ሰዓት ልጁን የያዘ ሰው አለ።

ወደ ቀኝ ተመላላሻችን እንመለስ። ጨዋታው 1 ሰዓት ይጀመራል፣ 90 ደቂቃ ነው። ከዚያ ሻይ አለ፣ ፉል አለ፣ "ኦፍሳይድ ነበር፣ አልነበረም" የሚል ክርክር አለ። ቤት ሲደርስ 5 ሰዓት ይሆናል። ትዳር ውስጥ ነገር የሚያስነሳው 90 ደቂቃው ሳይሆን ከፊሽካው በኋላ ያለው ጭማሪ ሰዓት ነው። ማታ ማታ የሚታየው የእንግሊዝ ሊግ ሲደመርበት የአባት ሒሳብ ይሞላል፣ የእናት ዜሮ ላይ ይቆማል። የ2020ው መመሪያ ደግሞ ያንኑ 150 ደቂቃ ለወለዱ እናቶችም ይመክራል። በወሊድ ጊዜ ችግር የገጠማት ሐኪም አማክራ፣ ሌላዋም ቀስ እያለች መጀመር እንዳለባት ሳይዘነጋ። ኳስ አዋቂው ባል ይህንን በራሱ ቋንቋ ይረዳዋል፤ የደርሶ መልስ ጨዋታ ነው። የመጀመሪያው ተደርጓል፣ የመልሱ አልተደረገም።

መልሱ ሲደረግ ሜዳውም ይታሰብ። ወንዱ ከንጋቱ 11 ሰዓት በጨለማ ቢሮጥ የሚያስቸግረው ቢበዛ ውሻ ነው። ሴቷን ውሻም ያስቸግራታል፣ ከውሻ የባሰም አለ። ስለዚህ የብርሃኑን ሰዓት ለሷ ለቆ የጨለማውን ለራሱ መውሰድ የባል ፋንታ ነው። ሌሊት በልጅ ለቅሶ አራት ሰዓት ብቻ የተኛ ሰው ደግሞ፣ ባልም ይሁን ሚስት፣ በማግሥቱ ፈጣን ሩጫ አይነካም፤ ይራመዳል። ሳምንቱን ወንበር ላይ ውሎ፣ ሳይተኛ አድሮ እሁድ ደረቅ ሜዳ ላይ 90 ደቂቃ የሚወጣ የታፋ ጅማቱን ይዞ በጓደኛ ትከሻ ነው የሚመለሰው። ያኔ ሚስትየው ሁለት ሕፃን ልታሳድግ ነው።

ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል። ፀሐይዋ በርዳለች። በዚህ ሰዓት በሩ ላይ ቱታ ለብሳ የቆመችው እናት ናት። ተከላካዩ ቦታውን ይዟል፤ እጁ ወደ ላይ ተዘርግቷል፣ ከንፈሩ ሊያለቅስ ተጣሟል። አባት ኳሷን በወለሉ ላይ ሲያንከባልላት ልጁ አንድ ጊዜ ዞር ይላል፤ በዚያች ቅጽበት በሩ ተከፍቶ ይዘጋል። ለቅሶው ይቀጥላል፤ ኳሷም ሶፋ ሥር ገብታለች። ጨዋታው 11 ሰዓት ይጀመራል፣ ሚስትየው ደግሞ 11 ሰዓት ተኩል ነው እመለሳለሁ ያለችው። አባት ቴሌቪዥኑን አየት አድርጎ ሪሞቱን መደርደሪያው ላይ ያስቀምጥና ኳሷን ሊያወጣ በሆዱ ይተኛል። ልጁ ለቅሶውን አቋርጦ ጀርባው ላይ ይወጣል።